የእግር ወለምታስ በቅቤ ይታሻል?

«ወራጅ አለ!»

ረዳቱ በሩን ከፈተ። ሾፌሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ያው ታውቁታላችሁ፣ የእኛ ታክሲ «ቆመ» ማለት «ዝግ አለ» ማለት ነው። ቀኝ እግሬን ሳወርድ የጠበቅኩት አስፋልት ነበር። ያገኘሁት ግን በጠርዝ ድንጋዩና በአስፋልቱ መሀል ያለች ጎድጓዳ ቦታ ናት። እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈና ክብደቴ በሙሉ በቁርጭምጭሚቴ የውጭ ጎን ላይ አረፈ። «ጧ» የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ረዳቱ «አይዞህ ብሮ!» ብሎኝ በሩን ዘጋው፤ ታክሲውም ሄደ።

የሚያሳፍረው ምን መሰላችሁ? የዚያን ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ጫካ ውስጥ በባሕር ዛፍ ሥርና በድንጋይ መሀል 14 ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ አንድም ጊዜ ሳልደናቀፍ ነበር የወረድኩት። ጫካውን የቻልኩ ሰውዬ ከታክሲ መውረድ አቃተኝ።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሊካሄድ 22 ቀን ቀርቶት ነበር። ይህ የሆነው ካቻምና ነው። ዛሬ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሠራሁት ስህተትና ከስህተቱ ለመመለስ ስለፈጀብኝ ጊዜ ነው። የምትሮጡ ከሆነ ይጠቅማችኋል። የማትሮጡም ብትሆኑ ከታክሲ መውረዳችሁ አይቀርም።

ቅቤው እና ወጌሻው

ቤት እያነከስኩ ስገባ እናቴ ምንም አልጠየቀችም። ቀጥታ ወደ ጓዳ ገብታ ቅቤ ይዛ ወጣች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ተረቱ ስለ ምላስ ነው፤ ግን ውስጡ ስለ እግርም አንድ ነገር ያስባል፦ የእግር ወለምታ ቀላል ነው፣ በቅቤ አሽተህ ትገላገለዋለህ። እናቴም እንደዚያው ነበር የምታምነው። እኔም አምን ነበር።

በማግስቱ ሰፈራችን ያሉ ወጌሻ ዘንድ ተወሰድኩ። እጃቸው የታወቀ ነው፤ የስንቱን ሰው የወለቀ ትከሻ መልሰዋል። እብጠቱን ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጉት ጣራው ዞረብኝ። «አባባ፣ መቼ ነው የምሮጠው?» አልኳቸው። «አይዞህ ልጄ፣ ሳምንት ሳይሞላህ ትፈነጫለህ» አሉኝ።

እሳቸው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ግን ያኔ ባውቅ ኖሮ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ሌላ ነበር። ትኩስ ጉዳት ውስጥ ገና የሚደማ ነገር አለ፤ በኃይል ማሸት እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል። ደግሞ ወለምታ ነው ወይስ ስብራት የሚለው ሳይለይ መጫን አደጋ አለው። ለዚህ የካናዳዋ ኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት፣ ዛሬም በብዙ አገር ድንገተኛ ክፍሎች የሚሠራበት ቀላል መለያ አለ። እንደ ጉዳቱ ጊዜ ሁሉ አሁንም አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጉብ ያሉ አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲነካ ካመማችሁ፣ ራጅ መነሳት አለባችሁ። የእግር መዳፉ የውጭ ጠርዝ መሀል ላይ ያለው አጥንት፣ ወይም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለው አጥንት ሲነካ ካመመም እንደዚያው። ቅቤውም ወጌሻውም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

እኔ እድለኛ ነበርኩ፤ አጥንቴ ደህና ነበር። ሕመሙም በ10ኛው ቀን ገደማ ለቀቀኝ። ስህተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቲሸርቱ

የተመዘገብኩበት ቲሸርት በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጠዋት ስነሳ የማየው እሱን ነው፣ ማታ ስተኛ የማየው እሱን ነው። ገንዘብ ከፍዬበታለሁ፣ ለአራት ወር ሠልጥኜበታለሁ፣ ለጓደኞቼ «ከ50 ደቂቃ በታች እገባለሁ» ብዬ ፎክሬበታለሁ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ለዚህ ነገር ስም አለው፦ ሰንክ ኮስት፣ የሰመጠ ወጪ። አንዴ ከኪስ ከወጣ በኋላ ብትሄዱም ብትቀሩም የማይመለስ ወጪ ማለት ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ስለ ነገ ስትወስን የሰመጠውን አትቁጠር። የቲሸርቱ ብር ብሮጥም ተከፍሏል፣ ባልሮጥም ተከፍሏል። ጥያቄው «ይኼ እግር እሁድ 10 ኪሎ ሜትር ይችላል ወይ?» የሚለው ብቻ ነበር። ይህንን በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሬ መልሼዋለሁ። በራሴ እግር ላይ ሲመጣ ግን ወደቅኩ።

እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይን ታውቁታላችሁ። በዚያ ሕዝብ፣ በዚያ ሙዚቃ፣ በዚያ ጭፈራ መሀል ቆሞ «እኔ እግሬን አሞኝ ነበር» ብሎ የሚያስታውስ ሰው የለም። እኔም ረሳሁት። ስድስት ኪሎ ሜትር ምንም አልተሰማኝም። ሰባተኛው ላይ፣ ቁልቁለት እየወረድኩ፣ አንዲት ጠጠር ረገጥኩ። ጠጠሯ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ደህና እግር ቢረግጣት ልብም አይላትም። የእኔ ግን እንደገና ወደ ውስጥ ታጠፈ። የቀረውን ሦስት ኪሎ ሜትር በማላውቃቸው ሁለት ልጆች ትከሻ ላይ ተደግፌ ጨረስኩት። ፎቶው ላይ እየሳቅኩ ነው። ፎቶውን ያዩት ሁሉ ላይክ አድርገዋል።

ከዚያ በኋላ ለመሮጥ አምስት ወር ፈጀብኝ፤ ለመወዳደር ደግሞ ሁለት ዓመት።

«በአንድ እግርህ ቁም»

በዚህኛው ጊዜ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ባለሙያዋ ብዙ አላወራችም። «ጫማህን አውልቅና በግራ እግርህ ብቻ ቁም» አለችኝ፤ ቆምኩ። «ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ፤ ትንሽ ተወዛወዝኩ፣ ግን ቆምኩ። «አሁን በቀኙ» ስትለኝ ዓይኔን ከጨፈንኩ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ግድግዳውን ያዝኩ።

«ያምሃል?» አለችኝ።

«አያመኝም።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቁርጭምጭሚት የውጭ ጎን በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩ ሦስት ጅማቶች አሉ፤ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በብዛት የሚጎዳው ከፊት በኩል ያለው ነው። እነዚህ ጅማቶች ገመድ ብቻ አይደሉም። ውስጣቸው «እግሩ አሁን በዚህ አቅጣጫ ዘመም ብሏል» እያሉ ለአንጎል መልእክት የሚልኩ ነርቮች አሉ። ደህና ሰው ጠጠር ሲረግጥ እሱ ራሱ ሳያውቀው በቅልጥሙ የውጭ ጎን ያሉት ጡንቻዎች ተኮማትረው እግሩን ያቀኑለታል። ጅማቱ ሲቀደድ መልእክቱም ይታወካል፤ ጡንቻዎቹም ይዘገያሉ። እግር የሚታጠፈው ደግሞ «ኧረ!» ብለን ሳንጨርስ ነው።

ስለዚህ ሕመም መጥፋቱ እግር መመለሱን አይነግረንም። እብጠቱ ወርዶ፣ ሕመሙ ጠፍቶ፣ ሚዛኑ ግን ገና ያልተመለሰበት ጊዜ አለ፤ ሰው ደግሞ የሚያሳድረውን የሚያሳድርበት ያኔ ነው። ቁርጭምጭሚቱን አንዴ ወለም ያለው ሰው እንደገና ወለም የማለት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ የሚለው በከፊል ለዚህ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ልብና ሳንባ ቶሎ ይመለሳሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ስትሠሩ ትንፋሻችሁ ይከፈታል፣ «መጣሁ!» ትላላችሁ። ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው፤ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ይወስድበታል። ሞተሩ ታድሶ ጎማው ያልታደሰ መኪና አስቡ።

«ለአንተ ቲሸርት ነው»

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የተዋወቅኩት አንድ ጓደኛ አለኝ። ሩጫ ለእሱ ሥራው ነው። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው ጫካ ይሄዳሉ፤ ከልምምድ መልስ ተራ ገብተው ያበስላሉ። እሱም ከእኔ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ያንኑ ቁርጭምጭሚት ተጎድቶ ነበር። ለአሠልጣኙ ግን አልተናገረም።

እኔ የሰንክ ኮስትን ነገር ስሰብክለት ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ለአንተ ቲሸርት ነው፤ ለእኔ እንጀራ ነው። ስድስት ሳምንት ልረፍ ብል ቦታዬን ሌላ ልጅ ይይዛታል። እሱም እኮ ከአገሩ የመጣው ሊበላ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። እኔ ባርፍ የሚቀርብኝ ፎቶ ነው። እሱ ቢያርፍ የሚቀርበት የወር አበል ነው። ለእኔ መጠበቅ ርካሽ ነው፤ ለእሱ ውድ ነው። በእጁ ባለው መረጃ የሠራው ሒሳብ የሞኝ ሒሳብ አልነበረም።

ችግሩ ቁርጭምጭሚት ሒሳብ አይሰማም። በዚያው ዓመት ለአራተኛ ጊዜ ወለም ሲለው መሮጥ ብቻ ሳይሆን መራመድም አቃተው። ያኔ ነገሩ ታወቀ፤ ቦታውም ተያዘ። ቤተሰቡ ዘንድ ገብቶ አንድ የአጨዳ ወቅት አሳለፈ። መጀመሪያ ላይ ተናግሮ ቢያርፍ ኖሮ ቦታውን ያጣ ነበር? ምናልባት አዎ። ባለመናገሩ ግን ቦታውንም ዓመቱንም አጣ።

እዚህ ላይ አሠልጣኞችና የቡድን ኃላፊዎች ካነበባችሁኝ አንድ ነገር ልበል። «አመመኝ» ያለ ልጅ ስሙ ከዝርዝር የሚወጣ ከሆነ ማንም «አመመኝ» አይልም። ሁሉም ደህና መስሎ ይሮጣል፤ እናንተም ማን ደህና እንደሆነ የምታውቁት ሰውየው ሲወድቅ ነው። ለጥቂት ሳምንት ቦታ መጠበቅ አንድ የሠለጠነ ሯጭ ከማጣት ይረክሳል።

ኃይሌም ቀነኒሳም

ትልልቆቹም ይህንን አልፈውበታል። የእነሱ ጉዳት የቁርጭምጭሚት ወለምታ አልነበረም፤ ግን የመመለሱ ጥያቄ አንድ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ የወሰደበትን 10,000 ሜትር ወላጆቻችን እስካሁን እየዘለሉ ይተርኩታል። ያኔ የተረከዙ ጅማት ያስቸግረው ነበር፤ ከኦሊምፒኩ በኋላ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በቀጣዩ ነሐሴ ኤድመንተን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ፤ ለዓመታት ወርቅ ብቻ ሲለቅምበት በነበረው ርቀት። ጥቂት ቆይቶ ብሪስቶል ላይ የዓለም የግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ ያሸነፈው እሱ ነበር። ልብ በሉ፤ እኔ በወለምታ እግሬ የተንደረደርኩበት ውድድር የተጀመረው መሥራቹ ከቀዶ ሕክምና በተመለሰበት ዓመት ነው።

ቀነኒሳ በቀለን ደግሞ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸንፎ ነበር። ከዚያ የባት ጉዳት መጣና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ራቀ። በ2011 ዴጉ ላይ በ10,000 ሜትር ለአምስተኛ ተከታታይ ድሉ ተሰለፈ፤ ሩጫው ሳያልቅ አቋርጦ ወጣ። ዓለም እያየው። ብዙ ሰው «አበቃለት» አለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። በ2019 ደግሞ፣ በ37 ዓመቱ፣ በርሊን ማራቶንን በ2:01:41 ጨረሰ፤ ከዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ አንሶ።

እኔን የሚገርመኝ ብራስልስ ሳይሆን ዴጉ ነው። አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው፣ ያ ሁሉ ታሪክ እያለው፣ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ከትራኩ ወጣ። እኔ ለአንድ ቲሸርት ብዬ መውጣት አቃተኝ።

እንዴት ተመለስኩ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የእናንተን እግር የሚያይ ባለሙያ ይቅደም። የእኔ መንገድ ይህን ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ቀኑን መቁጠር ተውኩ። «በስንት ሳምንት?» የሚለውን ጥያቄ «ምን ምን ይችላል?» በሚለው ቀየርኩት። ጥርሴን ስቦርሽ በቀኝ እግሬ ብቻ መቆም ጀመርኩ፤ 30 ሰከንድ ሲሞላልኝ ዓይኔን ጨፍኜ። ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት ሠራሁ፤ ግራው 25 ሲችል ቀኙ የጀመረው በ9 ነበር። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ እግሬን ወደ ውጭ እየገፋሁ የጎን ጡንቻዎቹን አጠነከርኩ። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ወጪ የለም፤ ላስቲኩንም ጎማ ጠጋኙ በነፃ ነው የሰጠኝ።

30 ደቂቃ ፈጠን ብዬ ስራመድ ካላመመኝ፣ በቀኝ እግሬ ብቻ እንደ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለልኩ መሄድ ከቻልኩ፣ ያኔ ሶምሶማ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ 10 ጊዜ፤ በየሁለት ቀኑ። ስልኬ ላይ ያለው የሩጫ አፕ «ካለፈው ዓመት ዘግይተሃል» እያለ ሲያሳቅቀኝ ማሳወቂያውን ዘጋሁት።

ፈራጁ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ እግሬ ከትናንቱ የበለጠ ከደረቀብኝ ወይም ካበጠ አንድ ደረጃ እመለሳለሁ። እንደ ትናንቱ ከሆነ እቀጥላለሁ። መጀመሪያ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ቀጥሎ ዳገት፣ ከዚያ ቁልቁለት፣ ከዚያ ጫካ፣ መጨረሻ ላይ ፍጥነት። ውድድር ከሁሉም በኋላ።

የሚያስቸግረው ሕመሙ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው። እንጦጦ የተመለስኩ ቀን እያንዳንዱን ሥር እንደ እባብ ነበር የማየው። ያ ጓደኛዬ ከአገሩ ተመልሶ ነበር፤ እሱም ከዜሮ ጀምሯል። የእኛ ሯጮች ቀላል ልምምድ ሲሠሩ አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፤ አንዱ የአንዱን ተረከዝ እየተከተለ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዘ፣ የእርምጃ ያህል በዝግታ ይሄዳሉ። ከፊቴ ሆኖ «እግሬ የረገጠበትን ርገጥ» አለኝ። በሌላ ቀን ልከተለው የማልችለውን ሰው ያን ቀን 40 ደቂቃ ተከተልኩት። ከዚያ በኋላ ሥሮቹ ሥር ብቻ ሆኑ።

ዓምና ኅዳር ላይ እግሬ ደህና ነበር ማለት ይቻላል። ዓይን ጨፍኖ መቆሙ ላይ ግን ገና ስለነበርኩ አልተመዘገብኩም። ዳር ቆሜ አጨበጨብኩ። ቀላል አልነበረም፤ ውሸት አልናገርም።

ዘንድሮ ሮጥኩ። 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ከ50 ደቂቃው ፉከራ ጋር አይገናኝም። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ላይ ስደርስ ጠጠር ረግጬ ይሆናል፣ አላወቅኩም። ጓደኛዬ ከፊት ከነበሩት ጋር ነበር የሮጠው። ስንተኛ እንደወጣ እንዳልጽፍ አደራ ብሎኛል፤ በማግስቱ ጠዋት ደውዬ መጀመሪያ የጠየቅኩት ግን ስለ እግሩ ነበር። «ደህና አድራለች» አለኝ።

እናቴ አሁንም የዳነው በቅቤው ነው ትላለች። «ያን ሁሉ የወጥ ቅቤ እግርህ ላይ ጨርሼ!» ስትል አልከራከራትም።

እኔ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለሁ አሁንም በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ሰው ያየኛል፤ ልመደው ብዬ ትቼዋለሁ። «ወራጅ አለ» ካልኩ በኋላም ታክሲው እስኪቆም እጠብቃለሁ። ረዳቱ «ፍጠን እንጂ!» ይለኛል። ይበለኝ።